የቫይኬ ጥለት

ኤንድላ ስህተት የምታገኘው በጣቷ ነበር፤ ዓይኗ የሚደርሰው በኋላ ነው። ዕድሜዋን የጨረሰችው በከተማው የልብስ ስፌት ፋብሪካ፣ በመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ቆማ ነው። ኮቱም፣ ሸሚዙም፣ የሕፃናት ቱታውም በእሷ እጅ ሳያልፍ ከበሩ አይወጣም ነበር። አመልካች ጣቷን በስፌቱ ላይ ትነዳና ወሬዋን ሳታቋርጥ «ይሄ ተመላሽ» ትላለች። ሰፊዎቹ «ጣት» የሚል ስም አወጡላት። ፋብሪካው ተዘግቶ፣ ባሏ አርቮ አርፎ፣ እሷም ጡረታ ወጥታ እንኳ ስሙ አልለቀቃትም።

ረቡዕ ረቡዕ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ሹራብ ወዳዶቹ ይሰበሰባሉ። እንጀራቸው አይደለም፤ ፍቅራቸው ነው። እያንዳንዷ ሥራዋን በከረጢት ይዛ ትመጣለች፤ ሻይ ይፈላል፤ የሠፈሩ ወሬ ይበጠራል። የሚሠሩት በከተማቸው ስም የሚጠራውን፣ ሙሽሮች የሚደርቡትን ነጩን የሃፕሳሉ ሻል ነው፤ እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ፣ ተጠቅልሎ በጣት ቀለበት የሚሾልክ። መሐሉ ለብቻው ይሠራል። ዙሪያውን የሚከበው ጥለት ደግሞ በሁለት ግማሽ ተሠርቶ በመጨረሻ ይሰፋበታል። እዚህም እዚያም ፍሬ የሚሏት ትንሽ እብጠት አለች፤ አንዷ የክር ዓይን ብዙ ዓይን ትወልድና በሚቀጥለው መስመር ሁሉም ተመልሰው በአንድ ይታሰራሉ። እጅ ካልላላ የሹራብ መሥሪያው እንጨት በነዚያ ሁሉ ዓይኖች ውስጥ አይገባም። ስለዚህ በዚያች ክፍል ሴት ስትመሰገን «እጇ ልል ነው» ትባላለች።

የቫይኬን ያህል ልል እጅ ያላት አልነበረችም። ቫይኬና ኤንድላ በአንድ አጥር የሚዋሰኑ ጎረቤታሞች ናቸው፤ በክፍሉም ከመስኮቱ ሥር በአንድ አግዳሚ ወንበር ነው የሚቀመጡት።

«አንቺ እኮ ሻል አይደለም የምትሠሪው፤ የዓሣ መረብ ነው» ትላታለች ኤንድላ።

«አንቺስ? የወታደር ካልሲ። ሙሽራዋ ተኩስ ይመጣባታል እንዴ?»

የቡድኑ ሰብሳቢ ዩታ ናት፤ ድምፀ ጎርናና፣ የቀድሞ የመርከብ ወጥ ቤት ሠራተኛ። የቡድኑ ሕግ አንድ ነው፤ የሌላ ሰው ሥራ አይነካም። ዓይን ብታመልጥ እንኳ ያመለጠቻት ራሷ ታነሳለች። እጅ እንደ ድምፅ ነው፤ አንዷ የጀመረችውን ሌላዋ ብትቀጥለው መወጠሪያው ላይ ይጋለጣል። መወጠሪያው ባለ ችካል የእንጨት አራት ማዕዘን ሲሆን፣ ያለቀ ሻል ሁሉ ታጥቦ፣ እርጥቡን በቡድኑ ፊት የሚወጠረው በእሱ ላይ ነው። እዚያ ላይ ምንም አይደበቅም።

ባለፈው መከር ቫይኬ የልጅ ልጇን የካድሪን የሠርግ ሻል ጀመረች። ሠርጉ በሰኔ በሚውለው የቅዱስ ዮሐንስ በዓል፣ የበጋው ችቦ በሚለኮስበት ሰሞን ነው። ክረምቱ ሲገባ «ወገቤን ልታይ» ብላ ወደ ዋና ከተማው ወደ ታሊን ተመላለሰች። ሻሉን ይዛ ትሄዳለች፤ ይዛ ትመለሳለች። ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ፈጠን ማለቱ ቀረ፤ ኤንድላም አየች፤ አይታም ዝም የምትል ሰው አይደለችም።

«ክር ተወደደ እንዴ፣ ቫይኬ? እየቆጠብሽ ነው?»

«እጄ አርጅቷል።»

«እጅ አያረጅም። ሰነፍሽ እንጂ።»

ቫይኬ ሳቀችና ሥራዋን ወደ ጭኗ ሰበሰበችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ስድብ ትመልስ ነበር።

ባሕሩ ላይ ያለው በረዶ መሰንጠቅ ሲጀምር ቫይኬ ከአግዳሚው ቀረች። ለሁለት ረቡዕ ጉንፋን ነው ተባለ። ከዚያ ከታሊን ሬት ደወለች። ሬት የቫይኬ ልጅ፣ የሙሽራዋ እናት ናት። እናቷ አርፋለች።

ከቀብሩ ማግስት ሬት የሻሉን ከረጢት ይዛ ኤንድላ ቤት መጣች። ፊቷ ከልቅሶው ብዛት አብጦ ነበር።

«አክስቴ ኤንድላ፣ ለሠርጉ ያድርሱልኝ። ካድሪ ሌላ አልለብስም ብላለች። የአያቴን ነው የምለብሰው ብላለች።»

«የሌላ ሰው ሥራ አንነካም እኮ፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ። እማዬ ግን እርስዎን ‹ሌላ ሰው› ብላ አታውቅም።»

ኤንድላ ከረጢቱን ተቀበለች። ረቡዕ ዕለት ለቡድኑ ስትናገር ዩታ መነጽሯን አውልቃ አየቻት።

«የእሷ እጅና የአንቺ እጅ ሰማይና ምድር ነው። መወጠሪያው ይፈርዳል።»

«ይፍረድ።»

ቤት ገብታ ሻሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ጣቷን ከጀመረበት ጫፍ አንስታ ነዳችው። እጅግ የላላ፣ እጅግ እኩል ነው፤ ቫይኬ ራሷ የተቀመጠች ይመስላል። ከግማሹ አለፍ ሲል ጣቷ ቆመ። ክሩ ጠብቋል። ወደፊት ስትሄድ ባሰ። ፍሬዎቹ እንደ ቁንዶ በርበሬ ደርቀዋል፤ አንዳንዱ ውስጥ አንድ ዓይን ሳይታሰር ቀርቷል። ይህ ታጥቦ ቢወጠር መሐሉ እንደ ወገብ ይሰረጉዳል፤ ሴቶቹም ከበው ያዩታል፤ ማንም ባይናገር እንኳ «ቫይኬ በመጨረሻ እጇ ተበላሸ» ብለው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ።

ኤንድላ ይህን ልትፈቅድ አልቻለችም። ለጓደኛዋ ማድረግ የምትችለው የቀራት ነገር ይሄ ብቻ መሰላት። እንጨቱን አወጣችና እስከ ደህናው ድረስ ተረተረችው።

ሥራ ታውቃለች። የተተረተረውን ክር በወንበር መደገፊያ ላይ ጠምጥማ፣ በለብ ያለ ውሃ ነክራ፣ ጫፉ ላይ ማንኪያ አንጠልጥላ አደረቀችው፤ ያለዚያ ሽብሽቡ አይለቅም፣ አዲሱ ሥራ ላይም ይታያል። ቀጥላ ከእሷ መሥሪያ እንጨት ወፈር ያለ ፈልጋ ያዘች፤ ጥብቅ እጅ በወፍራም እንጨት ይላላል። መጀመሪያ አልሆነም። ትከሻዋን ጥላ፣ ክሩን በትንሿ ጣቷ ላይ አንድ ዙር ቀንሳ፣ ቫይኬ ትይዝ እንደነበረው ስትይዘው መጣላት። አንዳንዴም ሳታስበው፣ ቫይኬ እየሠራች ትዘፍነው የነበረውን ዘፈን ስታንጎራጉር ራሷን ታገኛለች። መሐሉ አልቆ ጣቷን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስትነዳው የት ላይ እንደተረከበች ራሷም ልትለይ አቃታት። ሁለቱንም የጥለት ግማሽ በዚያው እጅ ሠርታ ጨረሰች። መስፋት ብቻ ቀረ። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርታ አታውቅም።

ሬት ተመልሳ የመጣችው ከሠርጉ በፊት፣ ሊላ የሚሉት ሐምራዊ አበባ ሲያብብ ነው። የወረቀት ከረጢት ይዛለች። ሻሉን ስታይ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«እንዴት ያምራል። እውነቴን ነው የምልዎት፣ ይሄን ያህል ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም። ሆስፒታል ሆና ስትሠራ አይቻታለሁ እኮ።»

«ሆስፒታል?»

«ነገሩን ለማንም አልነገረችም። ወገቧ አልነበረም፤ ካንሰር ነው። መድኃኒቱ ጣቷን አደነዘዘው፤ ትኩስ ስኒ ብትይዝ አይታወቃትም። ‹ተይው እማዬ› ብላት እምቢ አለች። ክሩ ጣቴ ላይ መኖሩን የማውቀው ስጎትተው ብቻ ነው ትለኝ ነበር። አጥብቃ ትጎትተዋለች፣ እንደገና ትጎትተዋለች። አንድ መስመር ለመጨረስ ስንት እንደምትቆይ ቢያዩ።»

ኤንድላ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። «ለምን አልነገረችኝም?»

ሬት በእንባዋ መሐል ፈገግ አለች። «‹ለኤንድላ እንዳትነግሪ፤ ስህተት ታገኝብኛለች› ትል ነበር። ቀልዷን ነው። ደግሞም ቢነገርዎት አግዳሚው ላይ አይቀልዱባትም ነበር። እሱን አልፈለገችም።»

ሬት ሻሉን ወደ ራሷ ጎተተችው። «የትኛው ነው የሆስፒታሉ? ላሳያት ብዬ ነው፣ ለካድሪ።»

ኤንድላ ልትዋሽ ትችል ነበር። አንድ ቦታ ላይ ጣቷን አድርጋ «ይሄ ነው» ብትል ማንም አያውቅም፤ ሥራው እንዲያ ነው የተሠራው።

«የለም» አለች። «ጠብቆ ነበር። ተርትሬ በአዲስ ሠራሁት። እሷን ያከበርኩ መስሎኝ።»

ሬት አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። ሻሉን በመዳፏ ቀስ ብላ ዳበሰችው።

«ክሩ ግን የእሷው ነው አይደል?»

«ክሩ የእሷው ነው።»

«እሺ» አለች ሬት፤ «እሺ፣ እንግዲህ» ብላም ተነሣች። የቀረበላትን ኬክ ሳትቀምስ፣ የወረቀት ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ትታ ሄደች። «ከአልጋዋ አጠገብ የነበረ ነው፤ የሚጠቅም ነገር ካለበት ይዩት» ያለችው ከበሩ ላይ ሆና ነው።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል። የሹራብ ነገር የሚከፋው ክሩ እጅ ላይ መቅረቱ ነው። ክሩ አለ፤ አልጠፋም፣ አልተቆረጠም። የጠፋው የቫይኬ ክረምት ነው። ሰው በደነዘዘ ጣት አንድ በአንድ የጎተተውን ኤንድላ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሬዲዮ እየሰማች አፍርሳዋለች።

ከረጢቱን የከፈተችው ዘግይታ ነው። የፀጉር ማበጠሪያ፣ የአፍንጫ መሐረብ፣ ከሥሩ በፎጣ የተጠቀለለ የጥለት ግማሽ። መሐሉ ንድፍ እያዩ ነው የሚሠራው፤ ጥለቱን ግን ቫይኬ በቃሏ ታውቀዋለች፤ ዓይኗ ሲደክም ወደ እሱ ዞራለች ማለት ነው። ኤንድላ ጣቷን ነዳችበት። ከዳር እስከ ዳር የጠበቀ፣ እንደ ገመድ የከረረ፣ ፍሬው ሁሉ ድንጋይ። በፋብሪካው ጠረጴዛ ላይ ቢሆን ገና ሳይዘረጋ «ተመላሽ» ትለው ነበር።

ከራሷ ሁለት ግማሽ ጥለቶች አንዱን አንስታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። በቦታው የቫይኬን ሰፋች።

ከሠርጉ በፊት ባለው ረቡዕ ሻሉ ታጥቦ ወደ ክፍሉ መጣ። ሴቶቹ መወጠሪያውን ከበቡ። በኤንድላ ጥለት በኩል ያሉት ሁለት ጎኖች ያለ ችግር ችካላቸው ላይ ገቡ። በቫይኬ በኩል ያሉት ሁለቱ ግን አልደርስ አሉ። ዩታ ሳበችው፤ ክሩ ሲጨነቅ ይታያል።

«ምንድን ነው ይሄ? ይሄ ጥለት አጥሯል» አለች። «በል ተለጠጥ ቢሉት ይበጠሳል። ኤንድላ፣ አንቺም እንኳ ይሄን ያህል አታጠብቂም፤ ይሄ የአንቺ እጅ አይደለም።»

«አይደለም። የቫይኬ ነው።»

«የቫይኬ? ቫይኬ እንዲህ ሠርታ አታውቅም።»

«በመጨረሻ ሠርታለች። ጣቷ ደንዝዞ ነበር። አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀምጣ፣ እኔ ሰነፍሽ እያልኳት።»

አንዷ ሴት የሻይ ስኒዋን አስቀመጠች። ዩታ ጎሮሮዋን ጠረገች።

«ሌላ ግማሽ የለሽም?»

«አለኝ። እኩል ነው። ቤት መሳቢያ ውስጥ አለ።»

«ታዲያ ሠርግ ነው እኮ። ሙሽራዋ ጠማማ ሻል ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ልትገባ ነው? ሰው ሃፕሳሉ ሥራ ጠፋባት ይላል። የአንቺን ሥራ ነው የሚሉት፤ የሞተን ማንም አይወቅስም።»

«የእኔን ይበሉ።»

«ጣት የምትባዪው ሴትዮ?»

«አዎ፣ እሷ። ችካሉን ንቀሉት፤ ሻሉን ተዉት። ወደሚደርስበት አምጡለት።»

ዩታ ጎንበስ አለችና የመጀመሪያውን ችካል ነቀለች። ሌሎቹም ተከተሏት። በዚያች ክፍል መወጠሪያው ለሻል ሲሸነፍ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። የመወጠሪያው ሁለት ጎን ወደ ውስጥ ገባ፤ ሻሉ አራት ማዕዘኑን ትቶ በአንድ ወገን ጨምደድ ያለ ሆኖ ተወጠረ፤ እዚያም ላይ ፍሬዎቹ ከሩቅ ይቆጠራሉ።

ውሃው ወደ ወለሉ እየተንጠባጠበ ሳለ ሴቶቹ አንድ አንድ እያሉ ወጡ። ኤንድላ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ ብላ ቀረች። ከመስኮቱ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ከራሷ ወገን ተቀመጠች። ቆይታ ተነሣችና ጣቷን በጥለቱ ላይ ነዳች። በራሷ ግማሽ ጣቷ ሳይቆም አለፈ፤ የሚይዘው ነገር አልነበረም። ማዕዘኑን ዞራ ወደ ቫይኬ ስትገባ የመጀመሪያዋ ፍሬ ያዘቻት፤ ቆመች። ሁለተኛዋም ያዘቻት። በእያንዳንዷ ላይ እየቆመች፣ ሳትቸኩል፣ እስከ መጨረሻው ሄደች።