አባቴ ከጓንግ ማዶ የጠራበት ሬዲዮ

በእኛ ቆላ ክረምት ሲገባ መንገድ የሚባል ነገር የለም። የዋልካው ጭቃ ጎማ ይውጣል፣ ጓንግ ወንዝ ይሞላል፣ ማዶ ያለ ሰው ማዶ ይቀራል። ወላጆቼ ክረምቱን የሚያሳልፉት ማዶ፣ እርሻው ላይ ነበር። አባቴ ሰሊጡን ለአረም ትቶ እኔ ጋ ገንዳ ውሃ ከተማ አይቀመጥም፤ እናቴ ደግሞ አባቴን ትታ አትቀመጥም። ወባ በየክረምቱ ይጥላታል። ስልክ እንዳልል ኔትወርኩ ከጠፋ ቆይቷል። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ትኩሳት ሲጀምራት አባቴ እንዲነግረኝ። ከነገረኝ መድኃኒቱን በትራክተርም በዋናተኛም እንደምንም አሻግራለሁ።

ሥራዬ ስልክ ጥገና ነው። ሬዲዮ መነካካት የትርፍ ጊዜ አመሌ ነው፤ ባለቤቴ በሽታህ ትለዋለች። መተማ ዮሐንስ ሱቅ ያለው አንድ ነጋዴ ከሱዳን በኩል የመጡ ሁለት ዲጂታል የእጅ ሬዲዮዎች ሸጠልኝ። "ኩሉ ተማም!" አለኝ በዐረብኛ፣ ሁሉም ደኅና ነው ለማለት። "ቻርጅ አድርግና አውራ።" ምን ተማም! የቀድሞ ባለቤታቸው መስመሩን ሁሉ በራሱ ፍሪኩዌንሲ ሞልቶ በይለፍ ቃል ቆልፎታል። እንዲህ ያለ ሬዲዮ እንደ ድሮው ቁልፍ እያዞሩ መስመር አይፈለግበትም። ከኮምፒውተር ጋር በኬብል ይገናኝና ሁሉ ነገር በሶፍትዌር ተጽፎ ይጫንበታል።

ላፕቶፔ ኬብሉን አላውቀውም አለ። ሰካሁት፣ ነቀልኩት፣ ሰደብኩት፤ ያው ነው። ሶፍትዌሩን ጎንደር ያለ ጓደኛዬ በፍላሽ አድርጎ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ሰደደልኝ፤ እሱም ካረጀ ዊንዶውስ በቀር በምንም አልሠራ አለ። ያረጀ ላፕቶፕ ለመንኩ። መብራት መሐል ላይ ከሄደ ሬዲዮው በድን ሆኖ ይቀራል ብለው ስላስፈራሩኝ የጎረቤቴ ጄኔሬተር እስኪነሳ ጠበቅሁ። በመጨረሻ የነበረውን ሁሉ ደምስሼ ለሁለቱም አንድ ፍሪኩዌንሲ፣ አንድ ኮድ፣ ለየራሳቸው መለያ ጻፍኩ። ሶፍትዌሩ የእኛን ፊደል ስለማያውቅ የአባቴን ሬዲዮ በፈረንጅ ፊደል "አባ" አልኩት፤ ሲጠራኝ በእኔ ሬዲዮ መስኮት ላይ እንዲወጣ። የሬዲዮውን ፈቃድ አባቴ አባል በሆነበት የእርሻ ማኅበር ስም አወጣን።

አባቴ ከመሻገሩ በፊት የጥገና ሱቄ በር ላይ ቆሞ ሞከረው። በዓይኑ እያየኝ "እንዴት ሰነበታችሁ፣ ልጆቹ ደኅና ናቸው ወይ፣ ሚስትህ ደኅና ናት ወይ" እያለ ሰላምታውን አስረዘመው። ድምፁ ከጎኔ እንደተቀመጠ ሰው ጥርት ያለ ነበር። እናቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ያን ቀን ደስ ብሎኛል፤ አልክድም።

ጓንግ ሳይሞላ ተሻገሩ። የመጀመሪያው ምሽት ላይ ሬዲዮዬ በራ። መስኮቱ ላይ "አባ" ይላል፤ ድምፅ ግን የለም። ርቀቱ ከጠበቅሁት በላይ ሆኖበታል። የድሮው ሬዲዮ ርቀት ሲበዛበት ድምፁ ይሻክራል፣ ይሳሳል፤ ቢያንስ ሰውዬው ይሳቅ ያልቅስ ይለያል። ዲጂታል ግን ወይ ሙሉ ነው ወይ ምንም። የአባቴ ስም እየደረሰኝ ቃሉ መንገድ ላይ ይቀራል፤ እኔም መልሼ ስጠራው ምንም የለም።

አንቴናዬን በረጅም አጣና ላይ አስሬ ከቆርቆሮው በላይ አወጣሁት። የእኔን ሬዲዮ ደጋግሜ ጻፍኩት። መለወጥ የነበረበት ግን የእሱ ነው፤ የእሱ ሬዲዮ ማዶ ነው፣ ኬብሉ እኔ ጋ። በየምሽቱ ስሙ ይበራል። አባቴ ሰላምታ የሚያቋርጥ ሰው አይደለም፤ ሰላምታው ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ነሐሴ ውስጥ በእኩለ ቀን፣ ሰላምታ በማይባልበት ሰዓት፣ ይበራ ጀመር። መድኃኒቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ወንዙ ዳር ወረድኩ። ጓንግ ዛፍ ከነሥሩ ይዞ ይወርዳል። ዋናተኞቹ ውኃውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ልብሳቸውን መልሰው ለበሱ። ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። ከዚያ ሬዲዮው መብራቱን አቆመ። ባትሪው ነው አልኩ፤ ደመናው ቻርጅ የሚያደርግበትን ሶላር ከልክሎት ነው አልኩ። ልቤ ግን አላመነኝም።

ውኃው ሲጎድል ተሻገርኩ። አባቴ ጎጆው ደጃፍ ላይ ብቻውን ተቀምጧል፤ አንገቱ ላይ ጥቁር ጨርቅ አስሯል። መጠየቅ አላስፈለገኝም። የጎረቤት እርሻ ሠራተኞች ናቸው የቀበሯት። መሬት ላይ ወድቄ አለቀስኩ፤ እሱ ትከሻዬን ይዞ ጠበቀኝ።

"አልተቀየምኩህም ልጄ" አለኝ። "ውኃው ምን ያሳልፋል። መስማቱንስ ሰምተኸኛል።"

"እንዴት አወቁ?" አልኩት።

"በተጫንሁት ቁጥር አቤት ይለኝ አልነበረ!"

ቁልፉ ሲጫን ጢጥ የምትል ድምፅ አለች። አሁን ተናገር ማለት ናት እንጂ ሰው ሰማ ማለት አይደለችም። ለእሱ እንዲቀለው ብዬ ሶፍትዌሩ ላይ የከፈትኳት እኔ ነኝ። በእኛ አገር የተጠራ ሰው አቤት ሳይል ጉዳይ አይነገረውም፤ ካለ ደግሞ ሰማ ማለት ነው። አባቴ ያን ሁሉ ቀን አቤት የሚለው ልጁ መስሎታል።

"እሷም አናግራሃለች" አለኝ ቀጥሎ። "መጫኑን አሳየኋትና እናትና ልጅ ይጫወቱ ብዬ ወጣሁላችሁ። ብዙ አወራችህ። ስመለስ ደክሟት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።" "ምን አለችህ?"

ላስረዳው አፌን ከፈትኩ። ስለ ርቀቱ፣ ስለ ድምፁ፣ ስለዚያች ጢጥታ። እሱ ግን ዓይኑን ከአፌ ላይ አልነቀለም።

"መረቀችኝ" አልኩ።

"እኔንስ?"

"አንቱንም፣ አባ።"

"ምን ብላ?" አለና ጋቢውን ሰብስቦ ለመስማት ተጠጋኝ።