ለእንሹ የተከፈተ ውሃ

ልጅ ሳለሁ፣ በጥር የትምህርት ዕረፍት፣ ከእናቴ ጋር ከቆቦ ተነስተን በዞብል ተራራ በኩል ወደ በረሃው እንወርድ ነበር። ያኔ ዘመኑ የደርግ ነበርና የቀበሌው የይለፍ ወረቀት ከሦስት ቀን በላይ አይፈቅድልንም፤ አንዱ ቀን በመሄድ፣ አንዱ በመመለስ ያልቃል። እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ የምናፍቀው ያንን የመሃሉን ቀንና ሁለቱን ምሽቶች ነበር።

የምንሄደው የእናቴ አጎት አያ ሰይድ ዘንድ ነው። ሽርጥ ያገለደሙ ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ። ፍየሎቹ ገብተው ኩራዙ ሲበራ፣ የግራር ፍም ፊት ይቀመጡና ቀን በመንገድ ላየሁት አውሬ ሁሉ አንድ ተረት ያወጡለታል። ጅግራ ለምን እንደተዥጎረጎረች፣ ሰጎን ለምን መብረር እንደተወች የሰማሁት ከርሳቸው ነው። ጭሱ ወደ እኔ ሲዞር ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጣለሁ፤ ጥፋቴም የመጣው ከዚሁ ዓይን ከመጨፈን ነው።

አንድ ምሽት የእንሹን ተረት ጀመሩ። እንሹ ከጥንቸል ብዙም የማትበልጥ ሚዳቋ ናት፤ የዚያን ዕለት ከቁጥቋጦ ሥር ቆማ አይቻት ልቤ እሷ ጋ ቀርቶ ነበር። አራዊት የምድሩን ውሃ ሲከፋፈሉ እንሹ ዘግይታ ደረሰች አሉ፤ ዝሆንን ብትለምነው ከለከላት፣ ከርከሮን ብትለምነው ሰደባት። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማሁም። የቀኑ መንገድ አድክሞኝ እዚያው ሰሌኑ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ የእንሹዋ ጥም ሲያንገበግበኝ ዋለ። የአያ ሰይድ ቤተሰብ የሚጠጣው በደረቁ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ከተቆፈረ ጉድጓድ ነበር። የቀዳ ሰው ሲመለስ አፉን በግራር እሾህ ይከድነዋል፤ ይህን የማያውቅ ልጅ በዚያ አገር የለም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትንሿን ጀሪካን ይዤ ተላክሁና ቀዳሁ፤ እሾሁን ግን አልመለስሁትም። አንዲት ፍጥረት ብትጠጣ ምን ያህል ትጠጣለች ብዬ!

ጠዋት ውሃ ልንቀዳ ስንሄድ ከርከሮዎች ተንከባለውበት፣ ጠርዙ ተንዶ፣ ጉድጓዱ ጭቃ ሆኗል። ሌላ ውሃ ያለው የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ነው። ፍየሎቹ ከበውት ይጮኻሉ፤ ቤት የቀረው ውሃ አንድ ቅል እንኳ አይሞላም። የኛ ወረቀት ደግሞ የሚያበቃው በዚያው ቀን ነበር፤ ያንን መንገድ ያለ ውሃ መሄድ የማይታሰብ ነው።

«ማነው የከፈተው?» አለች እናቴ።

«እንሹዋ እንድትጠጣ ብዬ ነው» አልሁና ማልቀስ ጀመርሁ።

እናቴ አርጩሜ ስትቆርጥ አያ ሰይድ መሃል ገቡ። «ተይ እንጂ፣ አትንኪያት! ጥፋቱ የኔ ነው፤ ተረቱን ለተኛ ልጅ ነው የጨረስሁት» አሉና ሳቁ። ከዚያ ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ።

እሳቸው ይቆፍራሉ፣ እኔና እናቴ አሸዋውን በጣሳ እናወጣለን። እየቆፈሩም የቀረኝን ነገሩኝ። «እንሹ እኮ ውሃ አትጠጣም፣ ዘሐራ። ሁሉም ሲከለክሏት ‹ከእንግዲህ የማንንም ደጅ አልጠናም› ብላ ማለች። የቅጠሉ እርጥበትና የንጋቱ ጤዛ ይበቃታል፤ አላህ ድርሻዋን እዚያ ነው ያስቀመጠላት።» ያኔ ያፈርሁትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም።

እኩለ ቀን ላይ ከሥር ውሃ ማዠት ጀመረ። የመጀመሪያውን ጣሳ ለኔ ዘረጉልኝ። የፍየሎቹን ዓይን እያየሁ እንዴት ልቀበል?

«ጠጪ» አሉኝ፣ «መንገደኛ ነሽ።»

ጠጣሁ፤ አሸዋው ጥርሴ ላይ ይንኮሻኮሻል። ቀጥሎ እናቴ ጠጣች፤ ቀጥሎ የመንገዳችን ቅል ተሞላ፤ ከዚያ ለፍየሎቹ መቅዳት ጀመሩ፤ እኛም ወረቀታችን ሳይቃጠል እንድረስ ብለን ተሰናብተን ወጣን። በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ቀረ፤ ቀበሌውም ወረቀት ከለከለን። አያ ሰይድን ዳግመኛ አላየኋቸውም።

ዛሬ የሰጎኗን ተረት ረስቼዋለሁ፤ የጅግራዋንም ግማሹን ነው የማስታውሰው። የእንሹን ግን ለልጆቼ አንድም ሳላጎድል እነግራቸዋለሁ። አንድ ምሽት ስነግራቸው ታዲያ ትንሿ ልጄ «ሽማግሌውስ መቼ ጠጡ?» ብላ ጠየቀችኝ። ያንን ቀን ከጠዋቱ ጀምሬ በሐሳቤ ሄድሁበት፤ ቤት የቀረችውን ውሃ ቁርስ ላይ ለእኔና ለእናቴ እንደሰጡን፣ በዚያ ሐሩር ሲቆፍሩ እንደዋሉ አስታወስሁ። እኛ ስንሄድ ገና አልጠጡም ነበር።