ለታደሰ ያልተረጎምኩለት ቃል

ስልኩን ይዛ የምትጽፈው የልጅ ልጄ ማርታ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ቃሉ ግን የኔ ነው፤ እንዳታሳምረው ነግሬያታለሁ።

ታደሰ ሞተ አሉኝ ዛሬ ጠዋት። ውሸት ነው አልኩ። ትናንት እኮ ሆስፒታል ተኝቶ ከሾርባው ጋር ሲጣላ ነበር፤ "ይሄ አጥንት ያላየው ውሃ ነው" እያለ።

ናይሮቢ ያላችሁ ሐበሾች ታውቁታላችሁ፣ ካሳራኒ ሰፈር ሥጋ ቤት የነበረው። ከብት ሻጭ ወሬ ሲያበዛበት "አጥንቱን አሳየኝ!" ይላል። ሥጋ ያታልላል፣ አጥንት አይዋሽም ባይ ነበር።

ደረቱ ውስጥ፣ ከልቡ በላይ፣ ብዙ ሰው ላይ የማይታይ ዕጢ ወጣበት። ሁለት ጊዜ ደረቱን ከፍተው አወጡለት። ሁለቴም ተመለሰ።

በሦስተኛው ሐኪሟ "ከእንግዲህ አንከፍተውም። በማሽን እያየን ቀጭን መርፌ በቆዳው አስገብተን ዕጢውን እናቀዘቅዘዋለን" አለች። በስዋሂሊ ነው የምታወራው፤ የታደሰ ስዋሂሊ ከሥጋ ዋጋ አያልፍም። አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ማንበብ ባልችልም አራት ቋንቋ እናገራለሁ።

"እንደ ፍሪጅ ሥጋ ሊያደርጉኝ ነው?" ብሎ ሳቀ።

መርፌው ሲገባ ትንፋሹን እንዲይዝ ያዝዙታል ብላኝ ነበር። እኔም ደጅ ተቀምጬ ትንፋሼን አብሬው ስይዝ ዋልኩ። በማግስቱ በእግሩ ወጣ፤ ደረቱ ላይ ከፕላስተር በቀር አዲስ ቁስል የለም።

ሐኪሟ በሩ ላይ አስቆመችን። "ሊመለስ ይችላል። በየሦስት ወሩ መጥቶ ሲቲ ስካን ይነሳ። ትንሽ ሳለ ካገኘነው በመርፌ እንደግመዋለን።"

ታደሰ ዓይን ዓይኔን አየኝ። "ምን አለች? አጥንቱን አሳየኝ።"

በእኛ ወግ ለበሽተኛ ክፉ አይነገርም። "ጨርሰናል፣ ሂድና ብላ አለች" አልኩት።

አመነኝ። ቀጠሮውን የማውቀው እኔ ብቻ። ነገ እነግረዋለሁ፣ ከበዓሉ በኋላ እነግረዋለሁ ስል ዓመት ሞላ። ሳል ሲጀምረው ወሰድኩት። ሐኪሟ ምስሉን አይታ "አድጓል፣ ከመርፌ አልፏል" አለች። እሱንም አልተረጎምኩም።

የታደሰ ልጆች፣ ይህን የምትሰሙት ገና ዛሬ ነው። ብትጠሉኝ አልከራከርም። በሽተኛ ያላችሁ ግን ንገሩት። ሰውዬው ቢላዋ የማይፈራ ሰው ነበር፤ የፈራሁት እኔ ነኝ።

ታዴ፣ ለማንም አጎንብሼ አላውቅም፣ ታውቀኛለህ። ላንተ አጎነበስኩ። ይኸው አጥንቱ፤ አዘግይቼ አመጣሁልህ። ደህና ሁን ወንድሜ።

ማርታ፣ በይ አንብቢልኝ። "ጨርሰናል" ያልኩበትን ቦታ እንዳትዘልዪው።