በአያቴ ኮፊያ ውስጥ የታጠፉት የደም ውጤቶች

አያቴ የልጄን የሐያትን የደም ውጤቶች ኮፊያቸው ውስጥ አጥፈው ይይዙ ነበር። የጉልበቷ አጥንት አመርቅዞ ደሴ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ወረቀቱን እየተቀበሉኝ፣ "ኪስ ይቀደዳል፤ ራሴን ግን የትም ጥዬው አልሄድም" ይሉኝ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳቱ ለቀቃትና በኮሪደሩ መሮጥ ጀመረች። እኔም ወደ ቤታችን ወደ ኮምቦልቻ ልመለስ ዕቃዬን ሸከፍኩ። ሐኪሟ ግን "ደሟ ውስጥ ያለው የብግነት ምልክት ቢወርድም ገና ነው። መድኃኒቱን አሁን ካቆምን ሊያገረሽባት ይችላል" አለችኝ።

"ወላሂ፣ ይኸው እየሮጠች አይደል እንዴ!" ብዬ ጮህኩ።

አያቴ ወረቀቶቹን ከኮፊያቸው አውጥተው አልጋው ላይ በተራ ዘረጓቸው። ፊደል ባይቆጥሩም ቁጥር ያውቃሉ።

"እዪ እስቲ፣ አንቺ ልጅ። ቁጥሩ ቁልቁል እየሄደልን ነው። ኮምቦልቻ የሚሄድ ሰው ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ደረስኩ ብሎ ከመኪና ይወርዳል?"

አፍሬ ዕቃዬን መልሼ ፈታሁ።

አያቴ ባለፈው ወር አረፉ፤ አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው። ትናንት ሐያትን ለክትትል ወሰድኳት። ሐኪሟ ጉልበቷን ደባብሳ፣ ውጤቱንም አይታ፣ "አሁን ድናለች፤ መድኃኒቱ ይብቃት" አለች።

"አልሃምዱሊላህ!" ብዬ እንደ ልማዴ ወረቀቱን ወደ ጎኔ ዘረጋሁት። ወንበሩ ባዶ ነበር።

ሐያት ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና አጣጥፋ ሻሿ ውስጥ ከተተችው። ሐረጎን ስንወርድ ሻሿን በእጇ ደግፋ ይዛ ነበር፤ ኮምቦልቻ እስክንደርስ አልለቀቀችውም።