አምስት ሊትር ዘይት ይዤ ቡልቡላ

ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ አዳማ

በሩን ስቆልፍ «መጣሁ» አልኩ። ልማድ ነው። ባለቤቴ አስካለ ካረፈች ዓመት አልፏታል፤ የሚመልስልኝ የለም። በእጄ አምስት ሊትር ዘይት አንጠልጥያለሁ። መናኸሪያው ይበርዳል፣ ሾፌሩ ራሱ «መቂ፣ ባቱ፣ ቡልቡላ!» እያለ ይጣራል።

ዘይቱ ለአስካለ ታላቅ እህት ለእትዬ ብርቄ ነው። አምና የአስካለ አርባ በነቢያት ጾም ውስጥ ዋለና ለመጣው ሰው ምስር ወጥ አቀረብኩ። የተሠራው ሰው ሁሉ «የሚረጋው» በሚለው በፓልም ዘይት ነበር። ብርድ ስለነበር የሳህኑ ዳር ነጭ ሆኖ ረጋ። አንዷ ጎረቤት «ይሄ ጮማ ነው እንዴ፣ በጾም?» አለች። እትዬ ብርቄ የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡና ወጥተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጡም፤ ስደውልም «ደህና ነኝ» ብቻ ነው መልሳቸው። ከአስካለ ወገን የቀሩኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸውን ካጣሁ ስለ እሷ ከማን ጋር አወራለሁ?

1 ሰዓት ተኩል፣ ቆቃ

ውኃው ላይ ጭጋግ ተኝቷል። ዓሣ ሻጮች በገመድ ያሰሩትን ዓሣ ለመኪናው ከፍ አድርገው ያሳያሉ፤ ማንም አይገዛም። አጠገቤ የተቀመጡት አቶ ከድር መቂ ላይ የኑግ መጭመቂያ አላቸው። ጀሪካኔን አዙረው አነበቡ።

«ካኖላ! የፈረንጅ ጎመን ዘር በለው።»

«ለምጣድ ማሰሻ የምናደርገው?»

«ዘመዱ ነው። ካናዳ ውስጥ ለልብ ያሰጋል የተባለው አሲድ ያነሰበትን ዘር አራቡና ከአገራቸው ስም ቀንጨብ አድርገው ስም አወጡለት።»

«የሚረጋውስ፣ ጮማ አለበት?»

ሳቁ። «ወላሂ፣ እኛ ሰፈር ደግሞ የአሳማ ነው ተብሎ ስንቱ ደፍቶታል! የዛፍ ፍሬ ነው፤ ሲበርደው ይረጋል። ሲበዛ ለልብ ጥሩ አይደለም ይላሉ ሐኪሞቹ፣ እሱስ እውነት ነው። ጾም ግን አያስገድፍም።»

«ይሄኛውስ ደህና ነው?»

«እሱንም በስልክ መርዝ ነው የሚሉ አሉ። ዘንድሮ ሰው ዘይት ካላማ ወጡ አይጣፍጠውም።»

መቂ ላይ «ናጋቲ» ብለው ተሰናብተውኝ ወረዱ። ቦታቸው ባዶ ሆነ። ከዚያ በኋላ የቲማቲም ሣጥን፣ የሽንኩርት ክምር፣ የባቱ የአበባ እርሻ ላስቲክ በመስኮቱ አለፈ፤ እኔ ንግግሬን አጠናለሁ። በስድሳ ዓመቴ እንደ ተማሪ ፈተና ፈራሁ።

4 ሰዓት፣ ቡልቡላ

ባጃጁ ከግራሩ ሥር አወረደኝ። እትዬ ብርቄ በር ከፈቱ፤ ከስተዋል። ግባ እስኪሉኝ እንኳ አልጠበቅኩም፣ የዛፉን ፍሬ፣ ካናዳን፣ አሲዱን ደጃፉ ላይ ዘረገፍኩት። አስጨረሱኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዓመት ሙሉ ስለ ዘይት ነው የምታስበው?»

«ጉርሻዎን አስቀመጡ እኮ፣ እትዬ።»

«ዘይቱን ማን አየው! አንዴ ስቀምሰው ወጡ የአስካለ አልሆነም። ከእንግዲህ ከእጇ እንደማልበላ ያን ጊዜ ገባኝ። ሰው ፊት እንዳልጮህ ወጣሁ።»

«ታዲያ ለምን ቀሩ?»

«አንተን በዚያ ቤት ብቻህን ተቀምጠህ ልይህ? አልቻልኩም፣ ወንድሜ።»

ማንም ባልከሰሰኝ ነገር ዓመት ሙሉ ስሟገት ኖሬያለሁ፤ እሳቸውም እዚህ ብቻቸውን ሲያለቅሱ ከርመዋል። ጀሪካኑን ተቀብለው ሽንኩርትና ቢላዋ ሰጡኝ።

«ክተፍ። የእሷን ምስር እንሞክረው።»

ዘንድሮም ያው ጾም ነው፤ መፍቻው ሰዓት ሲደርስ ገበታው ቀረበ። እትዬ ብርቄ ቀመሱ።

«አይደለም» አሉ።

እኔም ቀመስኩ። «አይደለም።»

አብረን በላነው።