ቁጥር የተጻፈበት መዝጊያ

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፤ እናቴ «አንቺ እኮ ጥላሽንም አታምኚም» ትለኝ ነበር። ጣልያን ከተማውን ከያዘ በኋላ ግን ይሄ ጠባዬ ነውር መሆኑ ቀርቶ ሙያ ሆነ። ኮልፌ ላይ ሁሉም ሁሉንም ይጠረጥራል። ማን ባንዳ እንደሆነ፣ ማን ደግሞ ለአርበኛ ስንቅ እንደሚያቀብል ፊቱን አይቶ የሚያውቅ አልነበረም።

ያን ጊዜ ጣልያኖቹ መሀል ከተማውን ለነጭ ብቻ በፕላን እንሠራዋለን ብለው አራዳ ዙሪያ የነበረውን ሰው ወደ ምዕራብ ይገፉት ጀመር። ተገፊው በእኛ ሰፈር በኩል ያልፋል። ጭቃውንና ሣሩን ትቶ መዝጊያውን ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ለእኛ ቤት ማለት መዝጊያ ነበር፤ ግድግዳ የትም ይመረጋል፣ ደህና የዋንዛ ሳንቃ ግን በቀላሉ አይገኝም። ቤቱ የሚፈርስበት ሰው ከምንም በፊት መዝጊያውን ይነቅላል።

አንዲት ሴት እንዲሁ መዝጊያዋን በአህያ አስጭና መጣችና ከቤቴ አጠገብ ጎጆ ቀለሰች። ከእኔ አሥራ አምስት ዓመት ብትበልጥ ነው፤ ባል የላትም። መዝጊያዋ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል። እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር አይተን አናውቅም። የጣልያን ጽሑፍ ከሆነ ለምን አታጠፋውም? እሷ እቴ፣ በየሳምንቱ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውልለታለች። ይቺ የእነሱ ሰው ናት አልኩ። ለጎረቤት ተናገርኩ፣ ጎረቤትም ጨመረበት። ከዚያ ወዲያ እሷ ብቅ ስትል ወሬ ይቆማል።

ባሌ ለጅማ መንገድ ድንጋይ ይፈልጥ ስለነበር የሚመጣው ለእሁድ ብቻ ነው። እኔ ገና ከአራስ ቤት መውጣቴ ነበር፤ ከዚያች ቤታችን ሌላ የምንገባበት አልነበረንም። አንድ ቀን ማለዳ ሁለት ጣልያኖች ከአስተርጓሚ ጋር መጡ። በየመዝጊያችን ላይ ቁጥር ጻፉና ለምን እንደሆነ ሳይነግሩን ሄዱ።

ቀለሙ ሳይደርቅ ሴትዮዋ መጣች።

«ልጄ፣ ይህን ቁጥር እንዳትነኪው» አለችኝ።

«ለምን፣ እትዬ?»

«አራዳም እንዲሁ ነው የጀመሩት። ቤቱን ማፍረሱን ያፈርሱታል። በኋላ ግን ምትክ ቦታ የሚመሩት ቁጥሩን እያዩ ነው። መዝጊያውን ከነቁጥሩ ያላሳየ ሜዳ ላይ ቀርቷል።»

«እርስዎ ይህን ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል? ደርሶብኝ ነው እንጂ። እኔንም እዚህ ያስቀመጡኝ በእሱ ነው።»

እኔ የያዝኩት የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው። ጣልያን እዚህ እንዳስቀመጣት በገዛ አፏ ተናገረች! ቁጥሩ እንዲቆይ የፈለገችውም ቤቴ ፈርሶ ቦታዬን ከቦታዋ ልትቀላቅል ነው አልኩ። ቁጥር የሌለውን ቤት ምን ብለው ያፈርሱታል? እሷ እንደወጣች ቢላዋ አምጥቼ ሳንቃውን ፋቅሁት። ምልክቱ እስኪጠፋ ፋቅሁና በላዩ አመድ አሸሁበት። እንዴት ደስ እንዳለኝ አልረሳውም።

ከፋሲካ በኋላ ጣልያኖቹ መጡ። ፕላኑ ተለውጧል፣ ቦታው ለወታደር ሰፈር ይፈለጋል ተባለና ቁጥር ያለውም የሌለውም ባንድ ቀን ፈረሰ። የእሷም አልቀረላትም። ሁላችንም መዝጊያችንን ተሸክመን ከቀራንዮ ወዲያ ወዳለው ሜዳ ተነዳን። እዚያ አስተርጓሚው መዝገብ ይዞ ቆሟል፤ ቁጥሩን ከመዝጊያው ላይ ያነባል፣ ሠራተኞቹ በገመድ ለክተው ቦታ ይሰጣሉ። ተራዬ ሲደርስ ሳንቃዬን ወደላይ ወደታች አየና «ቁጥሩስ?» አለ።

«ነበረ፤ ጠፋ።»

«ተፍቆ ነው እንጂ አልጠፋም። ወዲያ ሂጂ።»

ልጄን እንዳዘልኩ ቆሜ ቀረሁ። አፍሬያለሁ፣ ተናድጃለሁም፤ ከሁሉ የባሰው ግን ፍርሃቱ ነበር፣ ክረምቱ ደርሷል። ሴትዮዋ ቦታዋ ተለክቶላት ስትመለስ አየችኝ። ምንም ሳትጠይቀኝ ወደ አስተርጓሚው ሄደችና «የእህቴ ልጅ ናት፣ ከእኔ ጋር ናት» አለችው። ከዚያ መዝጊያዬን ባንድ ጫፍ አነሳች፤ ሌላውን ጫፍ እኔ ያዝኩ። ቦታዋ ላይ ስንደርስ መሬቱን መሀል ለመሀል በእንጨት ጫረችና «ከዚህ ወዲያ ያንቺ ነው» አለችኝ።

አመሰገንኩ። እጇንም ስሜያለሁ። ልቤ ግን ምን ፈልጋ ነው ይል ነበር። ሰው ከመሬት ተነስቶ ግማሽ ቦታውን ይሰጣል? ነገ ሐሳቧን ብትለውጥ የት እገባለሁ? በወሬ ያስጠላኋትን ሰምታ ከሆነስ? ባሌ እሁድ ሲመጣ «በይ ቤቱን እንጀምር» አለኝ፤ አይሆንም፣ አጥሩ ይቀድማል አልኩት። ዝናቡ ጀምሯል። እሷ ልጄን በቅጠል ከሸፈነችው መጠለያዋ አስገብታ ታቅፍልኛለች፣ እኔ ውጭ ችካል እተክላለሁ። የተከልኩትም ከጭረቱ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ገባ ብዬ ነው። ልጄን ልትሰጠኝ ስትወጣ አየችው፤ ልጄን አስታቀፈችኝና ወደ መጠለያዋ ተመለሰች።