ከሁለቱ ስቴሪዮዎች የቱ?

ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር ለሳሎናቸው አሮጌ ስቴሪዮ ሊመርጡ የሬዲዮ ጠጋኝ ሱቅ ገቡ። ጠረጴዛው ላይ ቁርጥ መንትያ የሚመስሉ ሁለት ነበሩ። አንዱን በጆሮ ማዳመጫ ሞከሩ። የግራው አይሰማም። ሁለተኛውም ያው ነው።

«አንተ፣ የተበላሸ ዕቃ ልትሸጥልኝ ነው?»

ጠጋኙ ራሱ አዳመጠ። «ጋሼ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው። እስቲ ማዳመጫውን አዙረው ያድርጉት።»

አዞሩት። ግራ ጆሯቸው አሁንም ጭጭ። ክው አሉ። ዕድሜ ልካቸውን የመንገዱን ጩኸት በግራ መስኮት ሲያስገቡ ኖረዋል፤ ጆሯቸው መቼ እንደከዳቸው ግን አላወቁም።

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሚስታቸው ትዝ አሏቸው። እሳቸው በቀኝ ጎናቸው፣ ደህና ጆሯቸውን ትራስ ላይ አድርገው ሲተኙ፣ ሚስታቸው «ከግድግዳ ጋር ነው የማወራው» እያሉ ስንቴ አልቅሰዋል!

«የቱን ልጠቅልል?» አለ ጠጋኙ።

«ለነገ አቆይልኝ» አሉ፣ ከወንበሩ እየተነሱ። «መጀመሪያ ባለቤቴን ይቅርታ ልጠይቅ።»